«ለመደው» ስንል ማን ምን ለመደ?

«ሲስተር፣ ይሄን ኪኒን ሰውነቴ ለመደው መሰለኝ፤ እንደ ድሮው አልሆን አለኝ። እስኪ አንድ ሁለት ወር ልተወውና ይረፍ።»

እንዲህ ያለው ንግግር በኤች አይ ቪ ሕክምና (ኤአርቲ) ክፍል ለሚሠራ ነርስ እንግዳ አይደለም። ተናጋሪው ከፋርጣ ቀበሌዎች ከአንዱ ተነሥተው በማለዳ ደብረ ታቦር የገቡ አዛውንት ሊሆኑ ይችላሉ። ነርሷም የምትመልሰው ይታወቃል፦ «አባባ፣ እንደሱማ አይደረግም! ሰዓቱን ጠብቀው ይዋጡ እንጂ።» አዛውንቱ «እሺ ልጄ» ብለው ብልቃጣቸውን በጋቢያቸው ጥግ ቋጥረው ይወጣሉ። ለምን እንደማይደረግ ግን አልተነገራቸውም። በወጉ ያሰቡት እርሳቸው ናቸው፤ ሰውነት ከለመደ ማረፉ ይበጃል። ያሳሳታቸው ቃሉ ነው።

ሬዲዮውም፣ የጤና ቢሮው በራሪ ወረቀትም «መድኃኒት የተላመደ ቫይረስ»፣ «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ይላሉ። በአማርኛ በቅሎ ኮርቻ ትለምዳለች፤ የቆላ ሰው የጉናን ብርድ ይለምዳል፤ ሕፃን ትምህርት ቤት ይለምዳል። በሁሉም ላይ የሚለወጠው ያው የነበረው ነው። ትናንት ያስቸገረችው በቅሎና ዛሬ የተገራችው በቅሎ አንዲት ናቸው። ቫይረስ ዘንድ የሚሆነው ሌላ ነው። መድኃኒቱ ያገኘው ቫይረስ መራባቱን ያቆማል፤ ምንም አይለምድም፣ ምንም አይማርም። ከቢሊዮኖች መካከል በአጋጣሚ ከመድኃኒቱ በፊትም ትንሽ ለየት ብሎ የተፈጠረ አንዱ ግን ሳይነካ ይቀርና ባዶውን ቤት በልጆቹ ይሞላዋል። ከስድስት ወር በኋላ የሚመረመረው ደም ውስጥ ያለው የእርሱ ዘር ነው። ሳይንሱ ይህን ዝግመተ ለውጥ ይለዋል፤ «ዝግመት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያስቃል እንጂ፣ ነገሩ በሳምንታት የሚያልቅ ነው።

የቃሉ ጉዳይ የሰዋስው ክርክር እንዳይመስል። የለመደው ሰውነት ከሆነ መፍትሔው ዕረፍት ነው። የተመረጠው ቫይረስ ከሆነ ግን ዕረፍቱ ራሱ የተመረጠውን መርዳት ነው። አንድ ቃል ሰውን ወደ ሁለት ተቃራኒ መንገድ ይመራል፤ የጤናው ዘርፍም ሃያ ዓመት ሙሉ ወደ ተሳሳተው በሚመራው ቃል ሲያስተምር ኖሯል።

የጉና አካባቢ ገበሬ ይህን ነገር ለማስረዳት ከሐኪሙ የተሻለ ምሳሌ በማሳው ላይ አለው። ገብስ ውስጥ ሲናር ይበቅላል፤ የአጃ ዘመድ ነው፤ በጎጃም በኩል እንግዶ ይሉታል። የዱር አጃ ፍሬው ገና እንደ ደረሰ ይረግፋል፤ ገበሬው ማጭድ ይዞ ሲመጣ ባዶ ነው። ከሲናር መካከል ግን ፍሬውን ይዞ የሚቆይ ነበረ። እርሱ ከገብሱ ጋር ታጨደ፤ ከገብሱ ጋር አውድማ ወረደ፤ በሬዎቹ አብረው አበራዩት፤ በመንሽና በላይዳ ተለይቶ ሳያልቅ ከዘሩ ጋር ጎተራ ገባ። በሰኔም ከገብሱ ጋር ተመልሶ ተዘራ። ዛሬ የኢትዮጵያ ሲናር ፍሬውን እንደ ሰብል ይዞ የሚጠብቅ አረም የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ሲናር ልዝራ ብሎ ያሰበ ገበሬ አልነበረም፤ ሲናርም ማጭድን አልለመደም። የመረጠው ማጭዱ ነው። መድኃኒትም ማጭድ ነው።

ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። ሲናር በዓመት አንዴ ይዘራል። የኤች አይ ቪ ቫይረስ ግን መድኃኒት ባልጀመረ ሰው አካል ውስጥ በቀን ወደ 10 ቢሊዮን ገደማ አዳዲስ ቅጂ ያወጣል፤ ይህን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1996 እነ አለን ፔሬልሰንና ዴቪድ ሆ አሳተሙት። የቫይረሱ የዘር መልእክት 9,700 ገደማ ፊደላት ያሉት አጭር ጽሑፍ ነው። የሚገለብጠው ኢንዛይም ደግሞ አራሚ እንደሌለው ቁም ጸሐፊ ነው። በደቡብ ጎንደር ገዳማት ብራና የሚጽፍ መሪጌታ መጽሐፉን ጨርሶ ከዋናው ጋር ያስተያያል፤ የተሳተውን ይፍቃል፣ ያስተካክላል። የሰው ሴልም የራሱን ዲኤንኤ ሲገለብጥ እንደዚያው ያርማል። የቫይረሱ ኢንዛይም ግን ጽፎ ይሄዳል። በ30 ሺህ ፊደል አንድ ገደማ ይስታል፤ ስለዚህ ከሦስት ቅጂ አንዱ ላይ አንድ ስሕተት አለ ማለት ነው። ከእነዚህ ስሕተቶች አብዛኛው ለቫይረሱ ጥፋት ነው፤ ከቀሪው አንዳንዱ ምንም አይለውጥም። በየቀኑ 10 ቢሊዮን ሲጻፍ ግን ሊሳት የሚችለው ፊደል ሁሉ የሆነ ቦታ ላይ ተስቶ ይገኛል።

ከእነዚህ ስሕተቶች አንዱን በቅርብ ማየት ይቻላል። ላሚቩዲን የሚባለው መድኃኒት በኢትዮጵያ ሕክምናው ከተጀመረ ጀምሮ እስከ ዛሬ በብልቃጡ ውስጥ አለ። የሚያግደው ያንኑ ገልባጭ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ በተርታ የተሰካ የዶቃ ክር ነው ብንል፣ 184ኛው ዶቃ ሜቲዮኒን ይባላል። በመልእክቱ ላይ አንዲት ኤ ወደ ጂ ስትለወጥ በሜቲዮኒን ቦታ ቫሊን ይገባል፤ ላሚቩዲን መግቢያ ያጣል። በቃ፣ አንድ ፊደል ነው። የሚገርመው ደግሞ ይህ ቫይረስ ከወንድሞቹ ይልቅ ደካማ መሆኑ ነው። መድኃኒት በሌለበት ቢወዳደራቸው ይሸነፋል፤ ላሚቩዲን ባለበት ግን ተወዳዳሪ ስለሌለው ይነግሣል። ጠንካራነትና ደካማነት በቫይረሱ ላይ የተጻፈ ነገር ሳይሆን በዙሪያው ባለው የሚወሰን ነው።

ዓለም ይህን የተማረው በውድ ዋጋ ነው። ዚዶቩዲን፣ በተለምዶ ኤዜቲ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1987 በአሜሪካ ሲፈቀድ ብቸኛው የኤድስ መድኃኒት ነበር። ሕመምተኛው ወራት ያገግማል፤ ከዚያ ይመለስበታል። በ1989 ብሬንዳን ላርደርና ባልደረቦቹ ኪኒኑን ለረጅም ጊዜ ከወሰዱ ሰዎች የተገኘው ቫይረስ ኤዜቲን እንደማይፈራ አሳዩ። መውጫው የተገኘው ሌላ የበረታ መድኃኒት በመፈለግ ብቻ አልነበረም፤ ሦስት በአንድ ላይ በመስጠት እንጂ። አንዱን በአንድ ፊደል የሚያመልጥ ቫይረስ በየቀኑ ይወለዳል። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ለማምለጥ ግን ትክክለኛዎቹ ስሕተቶች በአንድ ቅጂ ላይ መገናኘት አለባቸው፤ ያ ደግሞ ከ10 ቢሊዮን ውስጥም የማይገኝ ዕጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ሰው ከሞት አልጋ የተነሣው በዚህ ስሌት ነው። ስሌቱም የሚሠራው ሦስቱ አብረው ደም ውስጥ እስካሉ ድረስ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ መድኃኒቱ መጀመሪያ በክፍያ እ.ኤ.አ. በ2003 መጣ፤ በ1997 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ በነፃ መሰጠት ተጀመረ። የዚያን ጊዜዎቹን ስሞች ብዙ ታካሚ ዛሬም በቃሉ ያውቃቸዋል፦ ስታቩዲን፣ ላሚቩዲን፣ ኔቪራፒን። ብዙ ችግር በነበረበት አገር የብዙዎችን ሕይወት አትርፈዋል፤ ማመስገን ይገባል። ግን አንድ ድብቅ ጠባይ ነበራቸው። አንድ ሰው ሦስቱንም ዛሬ ማታ ቢያቆም ሦስቱ እኩል አይወጡም። ስታቩዲን በሰዓታት ይጠራል፤ ላሚቩዲን ተከትሎት ይሄዳል፤ ኔቪራፒን ግን ለቀናት ብቻውን ደም ውስጥ ይቆያል። በኋላ የተተካው ኤፋቪሬንዝ ከዚያም በላይ ይዘገያል። ስለዚህ «ላርፍ» ያለ ሰው በእነዚያ ቀናት ሳያውቀው አንድ መድኃኒት ብቻ የሚወስድ፣ እንደ 1987ቱ አሜሪካዊ ሕመምተኛ ይሆናል። ኔቪራፒንን የሚያመልጠው ስሕተት ደግሞ የአንድ ፊደል ነው። ከዚህ የከፋው፣ የተመረጠው ቫይረስ ረጅም ዕድሜ ባላቸው የደም ሴሎች ውስጥ እንደ ጎተራ ዘር ተኝቶ መቆየቱ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ያው መድኃኒት ቢመለስ ያው ዘር ይነሣል።

ይህ ሁሉ ታሪክ በሐኪም ቤት ቋንቋ ሲጠቀለል «አድኸረንስ» (መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ) ይባላል፤ መዝገቡ ላይ ደግሞ «ሎስት» እና «ድሮፕ» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። ጠፋ፣ አቋረጠ። ሁለቱም ጥፋቱን ታካሚው ላይ የሚያሳርፉ ቃላት ናቸው። በእርግጥ የታካሚው ድርሻ አለ። በገጠር ቤት ኪኒን መደበቅ ቀላል አይደለም። ብልቃጡ ሲነካ ይንኳኳል፤ ስለዚህ አንዳንዷ ጥጥ ትወትፍበታለች፤ ሌላዋ ኪኒኑን በጨርቅ ቋጥራ ከዱቄቱ ዕቃ ሥር ታኖረዋለች። አማት ስትመጣ አንድ ቀን ይዘለላል፤ ለቅሶ ሲኬድ ሁለት ቀን ይዘለላል። በጾም ወራት የጧቱ ኪኒን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይገፋል። ዛሬ የሚሰጠው በቀን አንዴ የሚዋጥ ስለሆነ ማታ ከእራት በኋላ ቢያደርጉት ከጾሙ ጋር ጠብ የለውም፤ ይህን የሚናገር ካለ።

ፀበሉም አለ። ከደብረ ታቦር ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ የሚወርደው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ሱባዔ የያዘ ሰው ደግሞ ኪኒኑን ቤቱ ትቶ ሲሄድ እምነቱን የጠበቀ ይመስለዋል። ሱባዔው ሰባት ቀን ነው፤ ለኔቪራፒን ዘመን ሰባት ቀን ብዙ ነበር። እዚህ ላይ ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጥ የሚገባው ምስጋና አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ በይፋ መናገራቸው ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ሠርቷል። አንድ ቄስ «ኪኒንህን ይዘህ ና» ቢል፣ ያ ቃል ቫይረሱ ሊመረጥበት የነበረውን ክፍተት ዘጋ ማለት ነው።

ሆኖም በደቡብ ጎንደር ባለፉት ዓመታት ትልልቆቹን ክፍተቶች የከፈተው የታካሚ ስንፍና አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ ለዘጠኝ ቀናት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትወድቅ ሆስፒታሏ ተዘርፏል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲነሣ መንገድ ይዘጋል፣ መኪና ይቆማል፣ ስልክና ኢንተርኔት ይጠፋል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ በዚያ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ ወደ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የኤች አይ ቪ ታካሚን የሚከታተሉ፣ የቀረውን የሚፈልጉ፣ መረጃውን የሚመዘግቡ ነበሩ። ቫይረሱ ኪኒኑ የተዘለለው አማት መጥታ ይሁን፣ ከወረታ የሚመጣው መኪና ቀርቶ ይሁን አይለይም። ለእርሱ ሁለቱም ያው ክፍተት ናቸው። ስለዚህ መንገዱ፣ መጋዘኑና የነርሷ ደመወዝ የመድኃኒቱ አካል ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፈጣን ዝግመተ ለውጥ ለክፉ ብቻ አይውልም። በየዓመቱ የሚጠራቀሙት ስሕተቶች እንደ ሰዓት ይቆጠራሉ። የኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ ያለው ቫይረስ በአብዛኛው ሲ የሚባለው ዘር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 አልማዝ አበበና ባልደረቦቿ በኢትዮጵያና በኔዘርላንድስ የጋራ ምርምር ውስጥ ሆነው ከዚያ ዘር መካከል ራሱን የቻለ ንዑስ ቅርንጫፍ በአገሪቱ ተስፋፍቶ መገኘቱን አሳዩ። የፊደል ስሕተቶቹን ወደ ኋላ በመቁጠር ቫይረሱ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደ ሆነ ተገመተ። ማከማቻ ውስጥ የተገኘው የመጀመሪያው ቫይረስ ያለበት ደም የ1984 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986። የቆጠራው ሰዓትና የደሙ ማስረጃ ተገጣጠሙ። ማንም ያልጻፈውን ታሪክ ቫይረሱ ራሱ ጽፎት ተገኘ ማለት ነው።

ፈጣን ተለዋዋጭ ቫይረስ ሁሉ ያመልጣል ማለትም አይደለም። የጎንደር ሰው አያቶቹ «ክፉ ቀን» ሲሉ የሰማው ዘመን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ፣ የደስታ በሽታ ከብቱን ጠራርጎ ያስከተለው ረሃብ ነበር። የደስታ በሽታ ቫይረስም እንደ ኤች አይ ቪ መልእክቱን ያለ አራሚ የሚገለብጥ ነው። ነገር ግን ክትባቱ የሚያውቀውን የውጭ ገጽታውን ሳይሰበር ሊለውጠው አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ የሠራው ክትባት ከአርባ ዓመት በኋላም ያው ይሠራ ነበር፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ዓለም በሙሉ በ2011 ከበሽታው ነፃ መሆናቸው ታወጀ። የፎገራ ሰው ደግሞ ተቃራኒውን በወባ አይቷል፦ ለገዳዩ የወባ ዓይነት ክሎሮኪን ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ፋንሲዳር መጣ፤ እርሱም በ2004 ለኮአርተም ቦታውን ለቀቀ። ወባ ቫይረስ ባይሆንም ማጭዱ ያው ማጭድ ነው።

ዛሬ ታካሚው የሚወስደው ዶሉቴግራቪር ያለበት ኪኒን ከቀድሞዎቹ እጅግ ይሻላል። ለማምለጥ አንድ ፊደል አይበቃም፤ የሚያመልጠውም ቫይረስ ብዙ ጊዜ አንካሳ ሆኖ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ኪኒን የዘለለ ሰው በድንጋጤ መሞት የለበትም፤ በቀጣዩ ይቀጥል። ግን ይኸኛው አይደፈርም ብሎ መኩራራት ደግሞ ታሪኩን መርሳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ባወጣው ዘገባ፣ ቅኝት በተደረገባቸው አገሮች መድኃኒቱን እየወሰዱ ቫይረሳቸው ካልወረደላቸው ሰዎች መካከል ከ3.9 እስከ 8.6 በመቶው ዶሉቴግራቪርን የሚቋቋም ቫይረስ ተገኝቶባቸዋል፤ ቫይረሳቸው ሳይወርድ ወደዚህ መድኃኒት ከተዛወሩ ሰዎች መካከል እስከ 19.6 በመቶ የደረሰበትም አለ። 600 ሺህ ገደማ ሰው ከቫይረሱ ጋር በሚኖርባት አገር ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ርካሽ ኪኒን ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ አይደለም።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ አንዱ ተጀምሯል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ቫይረሱ በደሙ የወረደለት ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ እንዲወስድ የሚፈቅድ አሠራር አለ። በመስከረም የተሰጠ ብልቃጥ እስከ መጋቢት ያደርሳል። ይህ አሠራር ለደህና ታካሚ እንደ ሽልማት ከሚታይ፣ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ከመዋጣቸው በፊት፣ መንገድ ሊዘጋ ይችላል በተባለ ቁጥር ለሁሉም ቢታሰብ ይሻላል። የተፈናቀለ ሰው መሸኛ ወረቀት ሳይጠየቅ ከደረሰበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ኪኒኑን ማግኘት አለበት። በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን (ቫይራል ሎድ) በሚሊ ሊትር ከ1,000 በላይ ሲሆንም ታካሚውን ሦስት ጊዜ መምከር ብቻ አይበቃም፤ «በእነዚያ ወራት መድኃኒቱ በእጅዎ ነበረ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያሻል።

ለገበሬ ዝግመተ ለውጥ ማስረዳት አይሞከርም፣ ከሃይማኖትም ያጋጫል የሚሉ የጤና ባለሙያዎች አሉ። የመጀመሪያው ንቀት ነው። ለዘር የሚሆነውን ገብስ በእጇ ዛላ ዛላውን የምትመርጥ የፋርጣ ሴት የምርጫን ነገር ከማንም መማር አያስፈልጋትም። ሁለተኛውም ቢሆን፣ ሲናር ገብስ ውስጥ መግባቱን ሲያይ እምነቱ የተናጋ ካህን እስካሁን አልታየም።

እናም ያቺ ነርስ በሌላ ቀጠሮ እንዲህ ብትላቸው፦ «አባባ፣ ሰውነትዎ አልለመደውም። ኪኒኑ ሲናሩን አርሞ ይጨርሰዋል፤ ኪኒኑ ሲቋረጥ ግን ያልታረመው ሲናር ብቻውን ይዘራል። ኋላ ማሳው የእሱ ነው።» አዛውንቱ ጥቂት ያስባሉ። ሲናርን ስንት ክረምት አርመውታል! ነገሩ ገብቷቸዋልና የሚቀጥለው ጥያቄያቸው ስለ ሰውነታቸው አይሆንም፦

«መንገዱ ሲዘጋስ፣ ልጄ?»